«ሀክ ተደረግኩ» ስንል ምን ማለታችን ነው? በሰሜን ሸዋ ስለሚሰማው የስልክ ማጭበርበርና ስለ ማጥመጃው አሠራር

ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት፣ ከመሐል ሜዳ እስከ ዓለም ከተማ፣ ሰው ሲገናኝ ከሚያወራቸው ነገሮች አንዱ ይህ ሆኗል። እገሌ ሀክ ተደረገ። የእገሊት ቴሌብር ተበላ። የመምህሩ ቴሌግራም ተጠልፎ ከሚያውቀው ሰው ሁሉ ብር እየጠየቀ ነው። ወሬው በተነሳ ቁጥር ሁለት ዓይነት ፍርድ ይሰማል። አንዱ «ቴክኖሎጂው አይታመንም፤ ብሬን አውጥቼ ቤቴ ባስቀምጥ ይሻለኛል» የሚል ነው። ሌላው «ስግብግብ ስለሆነ ነው፤ የእጁን አገኘ» ይላል።

ሁለቱም ነገሩን ይስቱታል። መሳታቸውም ጉዳት አለው። የመጀመሪያው ሰውን ገንዘቡን ፍራሽ ሥር እንዲከት ያደርገዋል። ሁለተኛው የተጎዳውን አሳፍሮ ዝም ያሰኘዋል። እሱ ዝም ሲል ጎረቤቱ በዚያው ዘዴ ይበላል። ስለዚህ ፍርዱን ትተን የተፈጸመው ነገር በትክክል ምን እንደሆነ እንመልከት።

ጠለፋ ሌላ፣ ማጥመድ ሌላ

ሀኪንግ የሚባለው የአንድን ሲስተም ድክመት ፈልጎ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መግባት ነው። በአማርኛ ጠለፋ እንለዋለን። ጠለፋ ጉልበት አለበት። የተጠለፈው ሰው ምንም ያደረገው ነገር ላይኖር ይችላል። ተኝቶ እያለም ሂሳቡ ሊጠለፍ ይችላል።

ማጥመድ ግን ያለ ተጠማጁ እርምጃ አይሳካም። ቃሉን በየቀኑ እንጠቀምበታለን። ገበሬው በሬ ይጠምዳል። ዓሣ አጥማጁ መረቡን ይጥላል። ፈንጂ ይጠመዳል። «ጠምዶ ይዞኛል» ስንልም ሰውየው ክፉ ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሳም ማለታችን ነው። የመንዝ ልጅ ቆቅ ሊይዝ ሲወጣ የሚያዘጋጀው ወጥመድ ደግሞ ሁለት ነገር አለው። አንዱ እግር የሚይዘው ማነቆ ነው። ሌላው ቆቋን ወደዚያ የሚጠራት እህል ነው። ማነቆው ብቻውን ምንም አይዝም።

በስልክ ማጭበርበር ማነቆው የሚስጥር ቁጥሩ ወይም የላኪው ጣት ነው። እህሉ ደግሞ የሚነገረው ታሪክ ነው። እኛ ብዙ ጊዜ የምንመካከረው ስለ ማነቆው ነው። «ፒን ቁጥርህን ለማንም አትስጥ» እንባባላለን። ምክሩ ትክክል ነው። ግን ስለ እህሉ አይናገርም። ሰው ፒኑን የሚሰጠው መስጠት እንደሌለበት ስላልሰማ ብቻ አይደለም። በዚያች ደቂቃ የሰማው ታሪክ ምክሩን ስላስረሳው ነው።

ፊሺንግ የሚባለው የውጭ ቃልም ከዓሣ ማጥመድ የተወሰደ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የኢንተርኔት ደንበኞችን የይለፍ ቃል በሐሰተኛ መልእክት የሚሰበስቡ ሰዎች አሠራር በዚህ ስም ተጠራ። ዛሬ የጽሑፍ መልእክትም፣ የስልክ ጥሪም፣ የቴሌግራም ሊንክም በዚሁ ስም ይገባሉ።

ይህ ልዩነት በተግባርም ለውጥ ያመጣል። ሲስተሙ ከተጠለፈ ደንበኛው ምንም ሊያደርግ አይችልም። ጥፋቱም ጥገናውም የተቋሙ ነው። ደንበኛው ከተጠመደ ግን ሲስተሙ ያየው ትክክለኛ ስልክና ትክክለኛ ፒን ነው። ለማሽኑ የላከው ባለቤቱ ነው። ለዚህ ነው አቤት ሲባል «እርስዎ ራስዎ ነዎት የላኩት» የሚል መልስ የሚመጣው። መልሱ እውነት ነው። ለተበላው ሰው ግን ምንም አይጠቅመውም።

ማጥመጃው ከእውነት ነው የሚሠራው

ሐሰት ብቻውን ሰው አያጠምድም። የሚያጠምደው በዙሪያችን ባለ እውነተኛ ነገር ላይ ሲለጠፍ ነው።

የኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት የሆነው ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ኩባንያው ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ እንዳለው ይገልጻል። የሳፋሪኮሙ ኤም-ፔሳ በነሐሴ 2015 ተከተለ። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያም በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት አግኝቶ ባንኮች ይጠይቁት ጀመር። እነዚህ ሁሉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው የመጡት። ትናንት ብር ማለት ቆጥሮ መቀነት ውስጥ የሚቋጠር ነገር ነበር። ዛሬ ብር ለብዙ ሰው የጽሑፍ መልእክት ሆኗል። ብሩ መግባቱን የምናውቀው መልእክት ስለመጣ ነው። እንግዲህ መልእክቱን አስመስሎ የሚጽፍ ሰው ብር አስመስሎ የሠራ ያህል ነው።

አንዱን ዘዴ ጠጋ ብለን እንየው። አንዲት እናት የእህል ነጋዴ ናቸው እንበል። ስልካቸው ባለ ቁልፍ ነው። መልእክት ይገባል። «4,500.00 ብር ተቀብለዋል፤ የግብይት ቁጥር…» ይላል። አቀማመጡ፣ ነጥቡ፣ የቁጥሩ አጻጻፍ ሁሉ ከእውነተኛው ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ ያለው ከላይ ነው። የእውነተኛው የቴሌብር መልእክት ላኪ 127 ነው። ይሄኛው የመጣው ከአንድ ተራ የሞባይል ቁጥር ነው። በትንሽ ስክሪን ላይ ይህች መስመር አንዴ ታይታ ወደ ላይ ታልፋለች። ብዙ እናቶች ደግሞ መልእክቱን የሚያስነብቡት ለልጅ ነው። ልጁ የሚያነበው የተጻፈውን ነው እንጂ ከማን እንደመጣ አይደለም።

ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ስልኩ ይጮኻል። «እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለሐኪም ቤት የምልከው ብር በስህተት እርስዎ ጋ ገባ። በእመቤታችን፣ ይመልሱልኝ።» ሴትዮዋ 4,500 ብር ይልካሉ። የላኩት የራሳቸውን ብር ነው። ፒናቸውን የሰረቀ የለም። ስልካቸውን የነካ የለም። መዳኛው አንድ ነበር። *127# ደውሎ ቀሪ ሂሳብን ማየት። ታሪኩ በሙሉ የተሠራው ያንን እንዳያደርጉ ነው።

የቴሌግራሙ ዘዴ ከዚህ ይለያል። ከምታውቀው ሰው መልእክት ይመጣል። «የእህቴ ልጅ ለውድድር ቀርባለች፤ ድምፅ ስጥልኝ» ይላል። ሊንኩን ስትነካ ስልክ ቁጥርህን ይጠይቃል። ቀጥሎ ቴሌግራም የላከልህን አምስት አሃዝ ኮድ ይጠይቃል። ያ ኮድ የድምፅ መስጫ አይደለም። የራስህን አካውንት በሌላ ስልክ ላይ መክፈቻ ነው። ኦቲፒ ከሚባሉት፣ ማለትም ለአንድ ጊዜ ብቻ ከሚያገለግሉ የሚስጥር ቁጥሮች አንዱ ነው። ሌባው ከገባ በኋላ ያንኑ ጥያቄ በአንተ ስም ለወዳጆችህ ይልካል። ከዚያ በኋላ ማጥመጃው ስምህ ነው። ለመምህር፣ ለቄስ፣ ለሱቅ ባለቤት ስም ደግሞ ሰው ያምናል። ቴሌግራም ላይ ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽን የሚባለውን ተጨማሪ የይለፍ ቃል ያበራ ሰው ግን ኮዱን በስህተት ቢሰጥ እንኳ ሌባው ያንን ቃል ካላወቀ አይገባም።

ሌላው «ኔትወርክ እናስተካክልልዎ፣ ይህን ይደውሉ» የሚለው ጥሪ ነው። *21* ከዚያ የስልክ ቁጥር ከዚያ # መደወል ለእርስዎ የሚመጣውን ጥሪ ሁሉ ወደዚያ ቁጥር ያዞራል። በድምፅ ጥሪ የሚነገር ኮድ ካለ የሚሰማው ሌባው ነው። ##002# መደወል ማንኛውንም የጥሪ ማዞሪያ ያጠፋል።

ከሁሉም የሚከፋው በእገታ ስም የሚደረገው ነው። «ልጅህ እኛ ጋ ነው» የሚል ጥሪ በሌላ አገር ቢደወል ሰው ሊስቅበት ይችላል። እዚህ የሚስቅ የለም። በሰሜን ሸዋ መንገዶች ሰው በእውነት ታግቷል፤ ቤተሰብ በእውነት ከፍሏል። በዚያ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ስልክም ባልሠራባቸው ቀናት ልጅን ደውሎ ማግኘት አይቻልም። ወላጅ ልጁ ደህና መሆኑን ማጣራት ባልቻለበት ሰዓት የሚመጣ ሐሰት ከእውነት የሚለይበት ምልክት የለውም። ከምዕራብ ኦሮሚያ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ የሚኖሩ ወገኖችም እንዲሁ ናቸው። ስም ዝርዝርና ምዝገባ የሕይወታቸው አካል ነው። «ስምዎ ዝርዝሩ ውስጥ ገብቷል፤ ለማስፈጸሚያ ይህን ያህል ይላኩ» የሚል ጥሪ ቢመጣ ሰምተው የማያውቁት ዓይነት ነገር አይሆንባቸውም።

ይሉኝታና ጥድፊያ

የማጥመጃ ታሪኮች ብዙ ቢመስሉም ጉልበታቸው ከጥቂት ቦታ ይመጣል። ፍርሃት፣ ተስፋ፣ ርኅራኄ፣ ሥልጣንን ማክበር። በእኛ ዘንድ በቂ ትኩረት ያላገኘ አንድ ሌላ አለ። ይሉኝታ።

በአንቱታ የሚያናግርን፣ በእግዚአብሔር ስም የሚለምንን ሰው ጆሮው ላይ ስልክ መዝጋት እንደ ብልግና ይቆጠራል። በተለይ ለአዛውንት። «ቆይ፣ ልጄን ጠይቄ ልደውልልህ» ማለትም ሰውየውን ሌባ ማለት ይመስላል። አጭበርባሪው ይህን ያውቃል። የሚያናግረው እንደ ልጅ ነው። ይቅርታ ያበዛል። ትንሽ ቅር ሲለው በድምፁ ያሳያል። «እናቴ፣ እኔን ሌባ አደረጉኝ?» ይላል። ያኔ ሴትዮዋ ራሳቸውን ከመጠበቅ ይልቅ እሱን ማጽናናት ይጀምራሉ።

ጥድፊያው ደግሞ ለምክር ጊዜ እንዳይኖር ነው። «በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሂሳብዎ ይዘጋል»፣ «ስልኩን እንዳይዘጉት»፣ «ለማንም እንዳይናገሩ» ይባላል። እነዚህ ሦስቱ ከማንኛውም የባንክ አርማ የበለጠ ምልክት ናቸው። እውነተኛ ባንክ ደንበኛው ስልኩን ዘግቶ ቅርንጫፍ ቢሄድ የሚያጣው ነገር የለም። ዘግተህ ብታስብ የሚጎዳው የተጣደፈው ወገን ብቻ ነው።

«ስግብግብ ስለሆነ ነው» የሚለው ክርክር

የዚህ ሐሳብ ደጋፊዎች «በሬ ሆይ፣ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የሚለውን ይጠቅሳሉ። አባባሉ ለአንዳንዱ ይሠራል። ለብዙው ግን አይሠራም። ለእህል ነጋዴዋ የታያቸው ሣር የለም። ጥጃህ ገደል ገባ ተብሎ የተጠራን በሬ ስግብግብ ማለት አይቻልም።

ስግብግብነት ድርሻ አለው የሚባልበት ቦታ «ገንዘብዎን እናባዛለን» የሚለው ነው። የዚህ ዘዴ መጠሪያ የሆነው ቻርልስ ፖንዚ በ1920 እ.ኤ.አ. ቦስተን ውስጥ በ45 ቀን 50 በመቶ ትርፍ እከፍላለሁ ብሎ ብዙ ሺህ ሰው ሰብስቧል። ለመጀመሪያዎቹ በእርግጥም ከፍሏል። የከፈለው ግን ከኋላ ከመጡት ገንዘብ ነበር። በስልክ የሚመጡት «ማስታወቂያ እየነካህ በቀን ይህን ያህል አግኝ» የሚሉ አፖችም ያው ናቸው። መጀመሪያ ጥቂት መቶ ብር በእርግጥ ይከፍላሉ። ያ ክፍያ ነው ማጥመጃው። የተከፈለው ሰው ሳያውቀው ምስክር ይሆናል። ወንድሙን፣ የሥራ ባልደረባውን ያስገባል።

እነዚህ ቡድኖች ራሳቸውን ከዕቁብ ጋር ሲያመሳስሉ ይሰማል። ይህን ንጽጽር ሳይመረምሩ ማለፍ አይገባም። በዕቁብ አባላቱ ይተዋወቃሉ፤ ዳኛ አለ፤ ዕጣ የወጣለት ዋስ ያቀርባል። ሁሉም በዙሩ መጨረሻ የሚያገኘው የከፈለውን ያህል ነው። ዕቁብ ትርፍ አይፈጥርም፤ አልፈጥርም ብሎም ነው የሚነሳው። ፖንዚ ግን ከየትም ያልመጣ ትርፍ ቃል ይገባል። አዲስ ገቢ ባቆመ ቀን ይፈርሳል። ሰው ወደዚህ የገባው ዕቁብን በሚያምንበት ልብ ከሆነ፣ ስግብግብ ከማለት ይልቅ መልካም ልማዱን ተጠቀሙበት ማለት ይቀርባል።

«እንዲህ ግልጽ የሆነ ውሸት እንዴት ይታመናል?» ለሚለው ደግሞ የማይክሮሶፍት ተመራማሪው ኮርማክ ኸርሊ በ2012 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ማብራሪያ አለ። መልእክት መላክ ርካሽ ነው። ሰውን እስከ መጨረሻ ማግባባት ግን ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ የሚጠራጠር ሰው ከመጀመሪያው ቢወጣ ለአጭበርባሪው ትርፍ ነው። ውሸቱ ግልጽ የሆነው አንዳንዴ ሆን ተብሎ ነው። ይህን ሲያዩ «እኔ በዚህ አልያዝም» ማለት ቀላል ነው። ያ መልእክት ግን ከመጀመሪያውም ለእርስዎ የታሰበ አልነበረም። ለእርስዎ የሚሆነው ሌላ ነው፤ በሥራዎ፣ በልጅዎ ወይም በቤተ ክርስቲያንዎ በኩል የሚመጣ።

ሥራ የሚል ማጥመጃ

ከደብረ ብርሃን ደብረ ሲናን ወርዶ በሸዋ ሮቢት፣ በኮምቦልቻና በአፋር አድርጎ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያ በየመን ወደ ሳዑዲ የሚሄደው የስደት መንገድ በዚህ አካባቢ አዲስ አይደለም። ደላላውም፣ «ደርሰህ ሠርተህ ትከፍላለህ» የሚለው ቃሉም የታወቀ ነው። አዲሱ ነገር እንግሊዝኛና ኮምፒውተር የሚያውቅ ወጣት ላይ ያነጣጠረው ነው። ታይላንድ ውስጥ የኮምፒውተር ሥራ፣ ጥሩ ደመወዝ፣ የአውሮፕላን ቲኬት በአሠሪው።

የብዙዎቹ መድረሻ በምያንማር ድንበር ያሉ የማጭበርበሪያ ካምፖች ሆነዋል። በየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. ከእነዚያ ካምፖች ወጥተው ለታይላንድ ከተሰጡት 260 ያህል የተለያዩ አገር ሰዎች መካከል 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። እዚያ የሚሠሩት ሥራ ራሱ ማጥመድ ነው። በሐሰተኛ ስምና ፎቶ ከሰው ጋር ለሳምንታት በፍቅርና በወዳጅነት ያወራሉ። ከዚያ ወደ ሐሰተኛ ኢንቨስትመንት ያስገቡታል። ቻይናዎቹ ይህን «አሳማ አድልቦ ማረድ» ይሉታል። ያልሠራ ወይም ያላስገባ ይደበደባል።

እዚህ ላይ አጥማጅና ተጠማጅ የሚለው ክፍፍል ይደበላለቃል። የማናውቀውን አገር ሰው ገንዘብ የሚያታልለው ልጅ ራሱ በሐሰተኛ የሥራ ማስታወቂያ ከቤቱ የወጣ ነው። እነዚህን ልጆች ሲመለሱ እንደ ወንጀለኛ ማየት በእኔ እምነት ትልቅ በደል ነው። የሕገወጥ የሰዎች ዝውውር አዋጅ ቁጥር 1178/2012ም እንዲህ ያለውን በማታለል ተወስዶ የተበዘበዘ ሰው ተጎጂ አድርጎ ነው የሚያየው።

ጉዳቱን ማን ይሸከም?

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 ማታለልን ወንጀል አድርጎታል። አሳሳች ነገር መናገርን፣ ያልሆኑትን ነኝ ማለትን፣ የሌላውን የተሳሳተ እምነት መጠቀምን ሁሉ ይሸፍናል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም በኮምፒውተር የሚፈጸመውን ማጭበርበር ለብቻ ደንግጓል። ስለዚህ ሕግ የለም ማለት አይቻልም። ችግሩ ሌባውን መያዝ ነው። ሲሙ በሌላ ሰው ስም የወጣ ሊሆን ይችላል። ብሩም በደቂቃዎች ውስጥ ከአንድ ሂሳብ ወደ ሌላ አልፎ በወኪል በኩል ወጥቶ ሊሆን ይችላል።

የቀረው ጥያቄ ሌባው እስኪያዝ ጉዳቱ የማን ይሁን የሚለው ነው። ተቋማቱ «ደንበኛው ራሱ ከላከ እኛ ምን እናድርግ? ብንተካ ሰው ጥንቃቄውን ይተዋል፤ ተመሳጥሮም ሊያታልለን ይችላል» ይላሉ። ሥጋቱ ከእውነት የራቀ አይደለም። በሌላ በኩል፣ ያልተለመደ ዝውውርን ማየት፣ ማዘግየት፣ ተቀባዩን ሂሳብ ማገድ የሚችለው ተቋሙ ብቻ ነው። ብሪታንያ ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተታሎ ለላከ ደንበኛ ባንኮች እንዲተኩ አስገድዳለች። ጣሪያው 85,000 ፓውንድ ነው። ወጪውንም የላከውና የተቀበለው ባንክ እኩል ይካፈላሉ።

ይህን እንዳለ እዚህ ማምጣት አይቻል ይሆናል። የተቀባዩን ወገን ተጠያቂ የማድረጉ ሐሳብ ግን ሊጠና ይገባዋል። አሁን የሌባውን ሂሳብ የከፈተ ተቋም ምንም የሚከፍለው ነገር ከሌለ፣ ማን በማን ስም ሂሳብ እንደከፈተ ለማጣራት የሚያስገድደው ጥቅም አነስተኛ ነው። የብሩን ከፊል የሚከፍል ቢሆን ግን ያጣራል። በገጠር ቀበሌ ለሚኖር፣ ማንበብ ለማይችል ደንበኛ «ተጠንቀቅ» የሚል የጽሑፍ መልእክት መላክ ኃላፊነትን መወጣት አይደለም። ቢያንስ ለመጀመሪያ ጊዜ ለማያውቁት ቁጥር ብር ሲላክ በአማርኛ በድምፅ የሚጠይቅ፣ ጥቂት የሚያዘገይ አሠራር ማስቀመጥ ይቻላል።

ተታለው ከሆነ

የመጀመሪያው ሰዓት ከሁሉም ይበልጣል። ብሩ ገና ከተቀባዩ ሂሳብ ካልወጣ ሊታገድ ይችላል። ብሩ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ክስ ብቻ ነው። ለቴሌብር 994 ደውሎ ወይም በአቅራቢያ ያለ ማዕከል ሄዶ ማሳወቅ፣ የባንክ ከሆነም ወዲያው ቅርንጫፉን ማግኘት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው በንዴት መልእክቱን ያጠፋዋል። ማጥፋት የለበትም። ከ127 የመጣው የላኩበት ማረጋገጫ ላይ ያለው የግብይት ቁጥር፣ ሐሰተኛው መልእክት የመጣበት ስልክ፣ ጥሪው የገባበት ሰዓት ፖሊስ መጀመሪያ የሚጠይቃቸው ናቸው። ቴሌግራም ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን ከፍቶ የማያውቁትን ስልክ ማስወጣት ይቻላል። አዲስ የገባ ስልክ የቆየውን ወዲያው ማስወጣት ስለማይችል፣ ባለቤቱ ከቀደመ አካውንቱ ይተርፋል። ለወዳጆች ደግሞ በቴሌግራም ሳይሆን በስልክ ደውሎ «ብር የጠየቅኳችሁ እኔ አይደለሁም» ማለት ነው። እዚያው ላይ ይሉኝታ እንደገና ይመጣል፤ ሰው መታለሉን ለመናገር ያፍራል፣ አንድ ቀን ሁለት ቀን ይቆያል። በእነዚያ ቀናት ከስም ዝርዝሩ ውስጥ ያለ ሌላ ሰው ልኮ ይጨርሳል።